ቃል ኪዳንና ካሜራ

ከጥምቀት በዓል በኋላ ዐቢይ ጾም እስኪገባ፣ ዳግመኛም የትንሣኤ በዓል ካለፈ በኋላ፣ በየቁምስናዎቻችን ሠርግ ይበዛል። ሙሽሮች ለመጨረሻው ዝግጅት ወደ ቆሞሱ ሲመጡ ከሚያነሡአቸው ጥያቄዎች አንዱ ስለ ፎቶግራፍ አንሺው ነው። የት ይቆማል? እስከ መሠዊያው ድረስ መቅረብ ይፈቀድለታልን? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን በውስጡ ከበድ ያለ የግብረ ገብ ጉዳይ አለ። ይኸውም በሠርግ ቀን የሚነሣው ፎቶግራፍ ምንን ሊመሰክር ይገባዋል የሚለው ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በባረክነው አንድ ጋብቻ ላይ ሙሽሮቹ ቃል ኪዳናቸውን ሰጥተው ቀለበት ከተለዋወጡ በኋላ፣ ፎቶግራፍ አንሺው ወደ እኛ ተጠግቶ ቀለበቱ ሲጠለቅ እንዳመለጠውና አንድ ጊዜ ብቻ እንዲደገምለት በጆሮአችን ነገረን። ሕዝቡ ይጠብቃል፤ የሙሽራዪቱ እናት በዓይናቸው ይለምኑናል። እኛም ይሉኝታ ይዞን ፈቀድን። ሙሽራው ቀለበቱን ከሙሽራዪቱ ጣት አውልቆ እንደገና አጠለቀ፤ የካሜራው መብራት ብልጭ አለ፤ ሁሉም ሣቀ።

ከጊዜ በኋላ ያች እኅት ባለቤቷን በሞት አጣች፤ ልናጽናናትም ወደ ቤቷ ሄድን። በግድግዳው ላይ የተሰቀለው ያ ፎቶግራፍ ነበር። ዓይናችን እዚያ ላይ ማረፉን አይታ፣ «አባ፣ ይህ እኮ ሁለተኛው ነው። በመጀመሪያው ጊዜ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እዚህ ላይ ግን ይሥቃል» አለችን። በንግግሯ ወቀሳ አልነበረም፤ ለእኛ ግን ከወቀሳ ይልቅ ከበደን። በዚያች ቅጽበት የነበረው ፍርሃትና ፍቅር ሥዕል አላገኘም፤ ሥዕል ያገኘው ለካሜራው ተብሎ የተደረገው ነው።

ይህን ስንል ፎቶግራፍን መንቀፋችን አይደለም። በ787 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በኒቅያ የተሰበሰበው ጉባኤ ለቅዱሳት ሥዕላት የሚሰጠውን ክብር ያጸናው፣ ክብሩ በሥዕሉ ላይ ሳይቀር ሥዕሉ ወደሚያመለክተው አካል ስለሚያልፍ ነው። የሠርግ ፎቶግራፍ ቅዱስ ሥዕል ባይሆንም ከዚህ ትምህርት አንድ ነገር እንማራለን፤ የምስል ዋጋ ከሚያመለክተው እውነት የሚመጣ ነው። በአረብ አገር ተቀጥራ የምትሠራ እኅት ለወንድሟ ሠርግ መምጣት ባትችል ደስታውን የምትካፈለው በፎቶግራፍ ነው። በዚያ ቀን ከሙሽሮቹ አጠገብ የቆሙት አያት ከዓመት በኋላ ባይኖሩ፣ የልጅ ልጆቻቸው መልካቸውን የሚያውቁት ከዚያው ነው። ስለዚህ መልካም ፎቶግራፍ ለራቁትና ገና ላልተወለዱት የሚደረግ የፍቅር ሥራ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ «ሰዎች ተሰልፈው ተዘጋጅተው መነሣታቸውስ ሐሰት አይደለምን?» የሚል ይኖራል። አይደለም። ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ ካሜራውን እያየ ሲነሣ፣ ሥዕሉ ለመነሣት መቆማቸውን በግልጽ ይናገራል፤ የሚታለል የለም። ችግሩ የሚመጣው ተደግሞ የተሠራው እንደ መጀመሪያው ሆኖ ሲቀርብ፣ ይልቁንም የተደገመው ሰው ለሰው ራሱን የሰጠበት ምልክት ሲሆን ነው። ቃል ኪዳን የሚሰጠው አንድ ጊዜ ነው። ምልክቱን ለካሜራ ብለን ስንደግመው፣ የመጀመሪያው ብቻውን እንደማይበቃ ለሙሽሮቹም ለሕዝቡም ሳናውቀው እናስተምራለን።

ቤተ ክርስቲያን ለጋብቻ ምስክር ትፈልጋለች። እ.ኤ.አ. በ1983 የታወጀው የላቲን ሥርዓት የቀኖና ሕግ በቁጥር 1108፣ በ1990 የታወጀው የምሥራቃውያን አብያተ ክርስቲያናት ሕግም በቁጥር 828 ከካህኑ ጋር ቢያንስ ሁለት ምስክሮች እንዲገኙ ያዛሉ። ምስክር የሚሆነው ሰው ነው፤ ያየውን በልቡ ይጠብቃል፤ ባልና ሚስት በተቸገሩ ጊዜም ቃላቸውን ሊያስታውሳቸው ይችላል። ካሜራ ይህን ማድረግ አይችልም፤ የምስክሮች አገልጋይ እንጂ ምትካቸው አይደለም።

ወንጌላዊው ዮሐንስ የቃናን ሠርግ ሲተርክልን የሙሽሮቹን ስም አልነገረንም፤ ልብሳቸውንም አልገለጠልንም። የነገረን የወይን ጠጁን ማለቅ፣ ይህን ያስተዋለችውን እናት፣ ስድስቱን የድንጋይ ጋኖችና ውኃውን የቀዱትን አገልጋዮች ነው። የሠርጉን ልብ አየ። መልካም ፎቶግራፍ አንሺም እንዲሁ ከጌጡ ይልቅ ሰዎቹን የሚያስተውል ነው።

እንዲህ ያለውን ባለሙያ ለማግኘት ጥቂት ምክር እንስጥ። በፎቶ ቤቱ መስኮት የተሰቀሉትን ምርጥ ሥዕሎች ብቻ አይታችሁ አትወስኑ፤ የአንድ ሠርግ ሙሉ አልበም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። አንድ ጥሩ ሥዕል በዕድል ይገኛል፤ ሙሉ አልበም ግን ሙያ ይጠይቃል። ከሠርጉ ቀን በፊት ወደ ቤተ ክርስቲያን ይዛችሁት ኑ፤ ቃል ኪዳኑና ቀለበቱ መቼ እንደሆነ፣ የት መቆም እንደሚችል ከቆሞሱ ይረዳ። ሥርዓቱን አስቀድሞ ያወቀ «ይደገምልኝ» ለማለት አይገደድም። ያለ ብልጭታ በደብዛዛ ብርሃን ማንሣት ይችል እንደሆነም ጠይቁት። ነጭ የሐበሻ ልብስ ካሜራውን አሳስቶ ፊትን ሊያጠቁር ስለሚችል፣ ብርሃኑን በፊት ገጽታ መለካት ያለበት መሆኑን ጥሩ ባለሙያ ያውቃል። ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ፀሐይ ከአናት ወርዳ ከዓይን ሥር ጥላ ስለምትጥል፣ የቤተ ዘመዱ ፎቶግራፍ በጥላ ሥር ወይም ወደ 10 ሰዓት ግድም ቢሆን ይመረጣል። መነሣት ያለባቸውን አረጋውያን ስም ጽፋችሁ ለአንድ ሚዜ ስጡ። ዋጋውን፣ የማስረከቢያውን ቀንና ሥዕሎቹ በሁለት ቦታ እንዲቀመጡ በጽሑፍ ተዋዋሉ።

ከሁሉ በላይ ለዚህ ብላችሁ አትበደሩ። ድግሱና ቪዲዮው እስኪሟላ እያሉ ምሥጢሩን የሚያዘገዩ ወጣቶች አሉ፤ ይህ ሥዕልን ከእውነቱ ማስቀደም ነው። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ እጮኞችን ስታዘጋጁ ስለዚህም ጉዳይ በግልጽ ንገሯቸው።

እኛ ካህናትም የራሳችን ድርሻ አለን። በዚያን ቀን በትሕትና እምቢ ብለን፣ ከቅዳሴው በኋላ ሙሽሮቹ ቀለበታቸውን አሳይተው በመሠዊያው ፊት እንዲነሡ መፍቀድ ይገባን ነበር። ያ ሥዕል እውነተኛ በሆነ ነበር። የተንቀጠቀጠው እጅ ግን በዚያች እኅትና በምስክሮቹ ልብ ይኖራል፤ ሲጠለቅ የቀረብነው እኛም አይተነዋል።

በቃና ሠርግ የተገኘው ጌታ የሙሽሮቻችንን ቃል ይጠብቅልን። አሜን።