ደምና ውርስ

በሥጋ ያልወለደ ሰው ስሙ ከእርሱ ጋር ይቀበራል ይባላል። እኛ ግን የኒው ዮርኩን ተወዛዋዥ የዊሊ ኒንጃን ሕይወት ስንመረምር ይህን አሳብ መቀበል ይቸግረናል።

እ.ኤ.አ. በ1961 የተወለደው ይህ ሰው፣ በፋሽን መጽሔት ሥዕሎች የሚታየውን አቋቋም በክንድ ቅልጥፍና የሚያሳየውን «ቮጊንግ» የተባለ ጭፈራ ያለ መምህር ተምሮ አራቀቀው። ተመሳሳይ ፆታ በማፍቀራቸው ከወላጅ ቤት የተገፉ ወጣቶች ከሚጠጉባቸው ማኅበራት አንዱን፣ «የኒንጃ ቤት»ን መሥርቶ፣ ወንድ ሆኖ ሳለ «እናት» ተባለ። በ1990 «ፓሪስ ኢዝ በርኒንግ» የተሰኘው ፊልም ዝናውን በዓለም አሰራጨ። በ2006 በ45 ዓመቱ ቢሞትም፣ ዛሬም በቤቱ ስም የሚጨፍሩ አሉ።

እንግዲህ ወላጅ የሚባለው ማን ነው? የወለደ ወይስ ተቀብሎ ያስተማረ? ደም ዘርን ያቆያል፤ ቤትን ቤት የሚያደርገው ግን በሩን የሚከፍት ሰው ነው ብለን እናምናለን።