ቅድሚያ የማን ነው?

በጐንደር ከተማ መኪና የሚነዳ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚማረው መዞርን ነው። ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ግድም የቈረቈሯት ከተማ በኮረብታ ላይ ያረፈች ስትሆን፥ የግቢው ቅጥር ብቻ ዙሪያው 900 ሜትር ያህል ነው። የዚያ ዘመን መንገድ ለእግረኛና ለበቅሎ የበቃ ነበር። በኋላም ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም. ከተማዪቱን ይዞ የነበረው የኢጣሊያ ጦር ፒያሳንና ሰፋፊውን ጐዳና ለመኪናው ሲል ሠራ። ዛሬ የምንነዳው ሁለቱ በተደራረቡበት ላይ ነው። እንግዳ የሆነ ነጂ ከመገናኛው ደርሶ ቢደናገር ጥፋቱ የእርሱ ብቻ አይደለም፤ ጡሩምባው የሚነፋው ግን በእርሱ ላይ ነው።

ቅድሚያ የማን እንደ ሆነ ሕግ ይነግረናል። ይህ ሕግ ግን ምን ዓይነት ሕግ ነው? በሰኔ ወር 1956 ዓ.ም. አገራችን ግራን ይዞ ከመንዳት ወደ ቀኝ ስትዛወር፥ በዋዜማው ትክክል የነበረው ነጂ በማግሥቱ እንደዚያው ቢነዳ ጥፋተኛ ነበር። መንገዱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ስምምነቱ ነው። ቀኝ ከግራ የሚሻለው በባሕርዩ ሳይሆን ሁላችን ስለ ያዝነው ነው። እንግዲያስ በስምምነቱ ያልነበረ ሰው ምን ይሁን?

ከደባርቅ ወደ ዛሪማ በሚወስደው በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ላይ ቍልቍል የሚወርደው ዳር ይዞ ይቆማል፤ ሽቅብ የሚወጣው ያልፋል። ጭነት የያዘ መኪና ዳገት ላይ ከቆመ እንደ ገና መነሣት ይቸግረዋልና። በዚያ ቅድሚያ የሚሰጠው ለተቸገረው ነው። በከተማ ግን፥ እውነቱን እንናገር ከተባለ፥ ለፈጠነው ነው። ሕግን ማክበር ግዴታችን መሆኑን አንክድም። ነገር ግን ቅድሚያ አለን ማለት ሁልጊዜ ልንወስደው ይገባናል ማለት ነውን?

አንድ ቀን ጧት ለስብሰባ ተቻኵለን ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ስንወጣ፥ ከደንቢያ ለገበያ የመጡ አንድ ሽማግሌ አህያቸውን እየነዱ መንገዱን ያቋርጡ ጀመር። ወዲህ ይላሉ፤ ወዲያ ይላሉ፤ በየት እንደሚያልፉ ጠፍቷቸዋል። ሕጉ ከእኛ ጋር ነበረ፤ ጡሩምባ ነፋን። አህያዪቱ በርግጋ ጭነቷን ጣለች፤ ጤፉ በአስፋልቱ ላይ ፈሰሰ። ሽማግሌው አልተቈጡም። አህያዪቱን በጆሮዋ ይዘው ወደ ዳር ጐተቱና፥ «ይለፉ ጌታዬ» አሉን።

አለፍን። በመስታወቱ ስናይ ጋቢያቸውን ዘርግተው ጤፉን በእጃቸው ያፍሱ ነበር። የዚያን ቀን ስብሰባ የተጀመረው እኛ ከደረስን ከግማሽ ሰዓት በኋላ ነው።