ማን ነካው? ወይስ ምን ነካው?

እንዲህ ሆነላችሁ። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ቢሮ ገብቼ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩና ማውሱን ነካ አደረግኩት። ላፕቶፔ ክዳኑ ተዘግቶ የጠረጴዛውን ጥግ ይዟል፤ እኔ የምሠራው ፊት ለፊቴ በቆመው ትልቁ ሞኒተር ነው። ማታ ስወጣ ኮምፒውተሩን አላጠፋሁትም፤ ‹‹ስሊፕ›› አድርጌው፣ አስተኝቼው ነበር የሄድኩት። ሌላ ጊዜ ማውሱ ሲነካ ወዲያው ነቅቶ ትናንት ያቆምኩበትን ገጽ ያመጣልኝ ነበር። ያን ዕለት ግን ሞኒተሩ ‹‹ሲግናል የለም›› የሚል ጽሑፍ ብልጭ አድርጎ መልሶ ጨለመ። ማውሱን ወዘወዝኩት፤ ኪቦርዱን ደበደብኩት፤ ወይ ፍንክች! መብራት ሄዶ እንደሆነ ብዬ ቀና ብዬ አምፖሉን አየሁ። አለ።

በዚህን ጊዜ ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ጥያቄ ምን መሰላችሁ? ‹‹ማን ነካው?›› የሚል ነው።

ልብ በሉ፤ ‹‹ምን ነካው?›› አላልኩም። በሁለቱ ጥያቄዎች መካከል ያለው ልዩነት አንዲት ፊደል ናት። ‹‹ምን ነካው?›› የሚል ሰው ምክንያት ይፈልጋል። ‹‹ማን ነካው?›› የሚል ሰው የሚፈልገው ጥፋተኛ ነው።

ጥፋተኛ ለማግኘት ደግሞ ብዙም አልደከምኩም። ማታ ማታ እኛ ከወጣን በኋላ ቢሮውን የሚያጸዱ አንዲት እናት አሉ። ሁላችንም ‹‹እማማ›› ነው የምንላቸው፤ እሳቸውም እኔን ‹‹ልጄ›› ይሉኝ ነበር። ትናንት ሞኒተሩ ይሠራ ነበር፤ ማታ እሳቸው ጠረጴዛዬን ወለወሉ፤ ዛሬ አይሠራም። በቃ፣ ምርመራው አለቀ! አስጠራኋቸውና በሰው ፊት ‹‹ምን አድርገሽው ነው?›› አልኳቸው። አዎ፣ ‹‹አድርገሽው››። እናቴን ለሚያህሉ ሴት ስናገር አንቱታው ከአፌ ጠፋ። ‹‹ኧረ እኔ አቧራውን በጨርቅ ጠረግ ከማድረግ በቀር...›› ብለው ጀመሩ፤ አላስጨረስኳቸውም። አንዱ ባልደረባችንም ‹‹ከደመወዛቸው ካልተቆረጠ ዕቃ ማክበር አይማሩም›› ብሎ ጨመረበት። እሳቸው ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አድርገው ዝም አሉ። ያን ዝምታ እኛ እንደ እምነት ክህደት ቃል ቆጥረን መዝገቡን ዘጋነው፤ አምነዋል ማለት ነው!

ከዚያ የላፕቶፑን ማብሪያ ተጭኜ ይዤ በግድ አጠፋሁት። መልሼ ሳበራው ሞኒተሩም በራ። ነገር ግን ትናንት ከሰዓት በኋላ ሙሉውን ስጽፍ የዋልኩት፣ ሴቭ ያላደረግኩት ሪፖርት የለም። ይኸም በእማማ ሂሳብ ላይ ተጻፈ።

እንግዲህ እስቲ ያደረግኩትን እንመርምረው። ‹‹ከእሳቸው በኋላ ነው የተበላሸ፤ ስለዚህ በእሳቸው ነው የተበላሸ›› ማለት፣ ዶሮ ስለጮኸ ነው የነጋው እንደ ማለት ነው። የስኮትላንዱ ፈላስፋ ዴቪድ ሂዩም በ18ኛው ክፍለ ዘመን እንዳስተማረው፣ ምክንያትን ራሱን በዓይናችን አናየውም፤ የምናየው አንዱ ነገር ሌላውን ተከትሎ መምጣቱን ነው፤ የቀረውን የሚሞላው ልማዳችን ነው። እሱ ግን የሚናገረው ደጋግመው አብረው ስለሚታዩ ነገሮች ነበር። እኔ አንድ ማታና አንድ ጠዋት በቂ ሆኑልኝ።

ከዚህ የሚብሰው ሌላ ነው። ‹‹ከዚያ በኋላ›› የተባለው ሌሊት ባዶ አልነበረም። ሌሊቱን ኤሌክትሪኩ ከፍ ዝቅ ብሎ ሊሆን ይችላል። ኮምፒውተሩ ራሱን በራሱ አፕዴት አድርጎ ሊሆን ይችላል። ኬብሉ አርጅቶ ሊሆን ይችላል። ከእነዚህ ሁሉ መካከል እማማን የመረጥኩት ለምንድን ነው? መልሰው የማይናገሩኝ እሳቸው ስለሆኑ ነው። ‹‹አህያውን ፈርቶ ዳውላውን›› ይሉ የለ! በዚያ ማታ በጠረጴዛዬ አጠገብ ያለፉት የመሥሪያ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ ቢሆኑ ኖሮ ‹‹ምን አድርገኸው ነው?›› እላቸው ነበር? እንዴት ተደርጎ! ያኔማ ‹‹አይ ይኼ ዕቃ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ነካው?›› ብዬ ራሴን እያከክሁ እቀመጥ ነበር።

በድሮ ጊዜ ሌባሻይ የሚባል ነገር ነበር። ዕቃ የጠፋበት ሰው ሲያመለክት፣ አንድ ልጅ አፍዝ አደንግዝ የሆነ ነገር ይጠጣና ወገቡ ታስሮ በመንደሩ ይለቀቃል። እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ተብሎ ይከፍላል። ዛሬ ይኼን ስንሰማ ‹‹ወይ ድንቁርና!›› ብለን እንስቃለን። ዲግሪያችንን ግድግዳ ላይ ሰቅለን፣ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠን፣ በንዴት ሰክረን እየተንገዳገድን ሄደን ደካማ ሰው ደጃፍ ላይ ስንወድቅ ግን ሌባሻይነቱ አይታየንም።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እማማ ጠረጴዛዬን መወልወል ተዉ። ሌላው ጠረጴዛ ሁሉ ሲያበራ የእኔ አቧራ ለበሰ። ሐሙስ ጠዋት ሞኒተሩ እንደገና አልነቃ አለ። በሚቀጥለው ሳምንት ሁለት ጊዜ ጨለመ። አቧራው ላይ የእኔ ጣት ብቻ ነው ያለው፤ የማንም እጅ አልደረሰበትም። ይኼን እያየሁ አፌን ዘጋሁ። ሲከሱ ጮክ፣ ሲሳሳቱ ዝም!

በመጨረሻ የአይቲውን ልጅ ጠራሁት። ወጣት ነው፤ ገና ሲገባ ‹‹ማን ነካው?›› አላለም። ኪቦርዱ ላይ ‹‹ካፕስ ሎክ›› የምትባለዋን ቁልፍ ተጫነ። ትንሿ መብራት በራች፤ ደግሞ ሲጫናት ጠፋች። ‹‹ኮምፒውተሩ ነቅቷል፤ ያልነቃው ስክሪኑ ነው›› አለኝና የላፕቶፑን ክዳን ከፈተው። እናንተዬ! የጻፍኩት ሁሉ በላፕቶፑ ስክሪን ላይ ቁጭ ብሏል። ኮምፒውተር ሲተኛ ሥራውን የሚይዝልን ሜሞሪው ነው፤ ጥቂት ኤሌክትሪክ እየመገበ ያቆየዋል። ሲነቃ ሥራችን ካለበት ይቀጥላል። ማብሪያውን ተጭነን በግድ ስናጠፋው ግን በሜሞሪው የነበረው ሁሉ ይጠፋል። ያን ማክሰኞ ሪፖርቴ በሕይወት ነበር። የገደለችው የእኔው ጣት ናት። ልጁ ለሌላ ቀን የሚሆን ዘዴም አሳየኝ፤ በዊንዶውስ ላይ የዊንዶውስን ቁልፍ፣ ኮንትሮልን፣ ሺፍትንና ‹‹ቢ››ን አንድ ላይ ሲጫኑ የስክሪኑ ክፍል ብቻ እንደ አዲስ ይነሳል፤ ሥራው አይነካም።

ከዚያ ምርመራ ጀመረ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይቀይራል። ኬብሉን ለወጠ፤ ያው ነው። የእኔን ሞኒተር ከሌላ ኮምፒውተር ጋር አገናኘው፤ በሰላም ነቃ። የእኔን ላፕቶፕ ከሌላ ሞኒተር ጋር አገናኘው፤ እሱም በሰላም ነቃ። ሁለቱም ለየብቻቸው ጤነኞች ናቸው፤ አንድ ላይ ሲሆኑ ብቻ ይጨልማል። በኋላ በሞኒተሩ ሜኑ ውስጥ ኤሌክትሪክ ለመቆጠብ ‹‹ጥልቅ እንቅልፍ›› የሚያስተኛውን ምርጫ አጠፋው። ሦስት ቀን በሰላም ነቃ። በአራተኛው ቀን፣ እኔ ‹‹ተወው፣ ሠርቷል!›› እያልኩት፣ ምርጫውን መልሶ አበራው። በማግስቱ ጨለመ። እንደገና አጠፋውና ‹‹አሁን አወቅነው›› አለ። እንግሊዛዊው ጆን ስቱዋርት ሚል በ1843 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የሎጂክ መጽሐፍ ያስቀመጠው ዘዴ ይኸው ነው፤ ሌላው ሁሉ እንዳለ ሆኖ አንዱ ብቻ ሲለወጥ ውጤቱ ከተለወጠ ምክንያቱ እዚያ ነው። ልጁ ሚልን ያንብብ አያንብብ አልጠየቅኩትም።

ለመሆኑ ምን ነካው? ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተሩ ሲነቃ መጀመሪያ ‹‹ስክሪን አለ ወይ?›› ብሎ ያያል። ሞኒተሩ በኬብሉ ውስጥ ባለች አንዲት መስመር ‹‹አለሁ›› ይላል፤ ኮምፒውተሩም ማንነቱንና የሚችለውን የምስል መጠን አንብቦ ምስሉን ይልካል። የእኔ ሞኒተር ግን እንቅልፉ ከባድ ስለነበረ ‹‹አለሁ›› ሳይል ይዘገያል። ኮምፒውተሩ ‹‹እንግዲህ ማንም የለም›› ብሎ ምስሉን ሳይልክ ይቀራል። ሞኒተሩ ዘግይቶ ይነቃና ምስል ሲያጣ ‹‹ሲግናል የለም›› ብሎ ተመልሶ ይተኛል። ተኳርፈው ‹‹እሱ ካልጀመረ እኔ አልናገርም›› እንደሚባባሉ ጎረቤቶች ማለት ነው። ሁለቱም የተሠሩበትን ነው ያደረጉት። ከመነሻውም እንቅልፉ የመጣው ለበጎ ነው፤ ኮምፒውተሮችና ሞኒተሮች በ1992 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ኢነርጂ ስታር የተባለውን የቁጠባ ምልክት ሲያገኙ፣ የታሰበው ሰው ሳይጠቀምባቸው በከንቱ የሚበሉት ኤሌክትሪክ እንዲቀንስ ነበር።

ስለዚህ ማን ነካው? ማንም!

አእምሯችን ለመቀበል የሚቸገረው ይኼን መልስ ነው። ጥፋት ካለ ጥፋተኛ መኖር አለበት ብለን እናምናለን። ልጅ ሲታመም ‹‹የማን ዓይን ነው?››፣ ንግድ ሲከስር ‹‹ማን ምቀኛ አለብኝ?››፣ ትዳር ሲናጋ ‹‹ማን ገባበት?›› እንላለን። ሁለት ደህና ነገሮች፣ ሁለት ደህና ሰዎችም ጭምር፣ በመካከላቸው ያለው መስመር ስለተበላሸ ብቻ ሊጨልሙ እንደሚችሉ አንጠረጥርም። ጥፋተኛ ማግኘት እፎይ ያሰኛል፤ ምክንያት መፈለግ ግን ያደክማል።

‹‹ታዲያ ማንም ካልተጠየቀ የመሥሪያ ቤቱ ዕቃ ሁሉ አይሰባበርም ወይ?›› የሚል ሰው ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሰው የሚጠየቅበት ጊዜ አለ። እኔ የምለው ስለ ቅደም ተከተሉ ነው። ‹‹ምን ነካው?›› የሚለው ተጣርቶ ወደ አንድ ሰው እጅ የሚመራ ከሆነ ያኔ ‹‹ማን?›› እንበል። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ጥፋቱ እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ ንጹሕ የመቆጠር መብት እንዳለው ደንግጓል። ይኼን የፍርድ ቤት ጉዳይ ብቻ አድርገነዋል። ጠዋት በሽንብራ ቂጣና በሻይ መካከል የምንፈርደው ፍርድ ግን ችሎት ከሚሰጠው ይበዛል፤ ይግባኝም የለውም።

የአይቲው ልጅ ሥራውን ጨርሶ ሲወጣ የእኔ ሥራ ገና ነበር። በማግስቱ እማማን ኮሪደር ላይ ጠብቄ፣ ማንም በሌለበት፣ ‹‹እማማ ያን ዕለት ተሳስቻለሁ፤ ይቅርታ›› አልኳቸው። ‹‹ምንም አይደል›› ብለው አለፉ። እኔም ዕዳዬን የከፈልኩ መሰለኝ። ከሳምንት በኋላ የአንዷ ሠራተኛ ቻርጀር ጠፋና አንዱ ሲናገር ሰማሁ። ‹‹ያቺ ሞኒተር ያበላሸችው ሴትዮ አይደለች የምታጸዳው?›› ይላል። ለካ ክሱ ከእኔ አፍ ወጥቶ ቢሮውን እየዞረ ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። በሰው ፊት ከስሼ በጓሮ ነው ይቅርታ የጠየቅኩት። ስማቸውን በአደባባይ ወስጄ በስውር ልመልስ ስሞክር፣ ስሙ እዚያው አደባባዩ ላይ ቀረ።

ስለዚህ አርብ ዕለት ሁሉም ባለበት፣ እሳቸውንም አስጠርቼ፣ የሆነውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተናገርኩ። ሪፖርቱንም ያጠፋሁት እኔው መሆኔን ጨምሬ። እማማ ቆመው ሰሙና እንዲህ አሉ።

‹‹እኔ እኮ ያን ዕለትም ልነግርዎ ነበር። እርስዎ ለመስክ ሥራ ክፍለ ሀገር በሄዱ ጊዜ፣ ያ ለልምምድ መጥቶ የነበረው ልጅ በእርስዎ ወንበር ተቀምጦ ሲሠራ፣ ጠዋት ጠዋት እንዲሁ ይጨልምበት ነበር። ሶኬቱን ነቅሎ ሰክቶ ነበር የሚያበራው። ማን ይጠይቀኝ!››

ስለዚያ ሞኒተር የሚያውቁ አንድ ሰው በቢሮው ውስጥ ነበሩ። እሳቸውን ነው አላስጨርስ ያልኳቸው።

አሁን ጠረጴዛዬ እንደ ድሮው ይወለወላል። ሞኒተሩም በየጠዋቱ ይነቃል። እማማ ሲገቡ ሰላም ይሉኛል፤ ደህንነቴንም ይጠይቁኛል። እስከ ዛሬ ግን ‹‹ጌታዬ›› እንጂ ‹‹ልጄ›› ብለውኝ አያውቁም።