ሳያውቁ ያጠፉት

ዘመኖቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር አንብቡልኝ።

ባለፈው ጥቅምት ዝናብ ሲያካፋ ከካፒቶል ሂል አንድ ወጣት ሳጥን ታቅፎ ታክሲዬ ውስጥ ገባ። የሚሄደው ዌስት ሲያትል፣ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ነበር። ምን እንደያዘ ብጠይቀው «የታመመ እባብ» አለኝ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ እኔ ግን ከራሱ ከእባቡ ጋር አንድ መኪና ውስጥ ነበርኩ። ልጁ ድንጋጤዬን ልብ አላለውም። እባቡ የዋጠውን ይተፋል፤ አንገቱን ወደ ላይ ቀና አድርጎ ይፈዛል። «ምን አጥፍቼ ይሆን? ሙቀት አንሶት ነው? ምግቡ ነው?» እያለ መንገዱን ሙሉ ራሱን ሲወቅስ ነበር። ሲወርድ «አይዞህ፣ ያንተ ጥፋት አይደለም» አልኩት።

ሀገር ቤት ሳለሁ ደሴ የኬሚስትሪ መምህር ነበርኩና ነገሩ አልለቅ አለኝ፤ ማታ ቤቴ ገብቼ ማንበብ ጀመርኩ። ቦአና ፓይተን የሚባሉትን እባቦች እንዲህ የሚያደርግ አይ.ቢ.ዲ. የተባለ በሽታ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ይታወቃል። ምክንያቱ ግን ለብዙ ዓመታት ሳይታወቅ ቆየ። አንዲት የእባብ ባለቤት ለሳን ፍራንሲስኮው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ለጆሴፍ ዴሪሲ ጻፈች። እርሱና ማርክ ስቴንግላይን ከባልደረቦቻቸው ጋር መርምረው፣ ቀድሞ በአጥቢ እንስሳት ብቻ ይታወቅ ከነበረ ወገን የሆነ ቫይረስ በታመሙት እባቦች ውስጥ ማግኘታቸውን በ2012 አስታወቁ። የልጁ እባብ ሕመም ይኸው ከሆነ፣ ሙቀቱና ምግቡ በከንቱ ተከስሰዋል ማለት ነው።

በእኛም ሀገር ምክንያቱ ያልታወቀ በሽታ ተከሳሽ አያጣም። ላም በድንገት ስትሞት፣ ሕፃን ሲያተኩሰው፣ ስንቱ አንጥረኛ፣ ስንቷ ሸክላ ሠሪ «ቡዳ» ተብለው ተጠሉ! እንግዲህ እውነተኛውን ምክንያት መፈለግ የሳይንስ ሥራ ብቻ አይደለም፤ ፍርድም ነው። በሐሰት የተከሰሰውን ነፃ ያወጣል።

ይሁንና ምርመራ ነፃ ነኝ ያለውንም ሰው ይይዛል። ያን ቀን ልጁን ይዤ ባለፍኩበት በዴልሪጅ ጎዳና አቅራቢያ ሎንግፌሎ የሚባል ጅረት ይወርዳል። ኮሆ የተባለው የሳልመን ዓሣ እንቁላሉን ሊጥል በጥቅምትና በኅዳር ከባሕር ወደዚያ ይመለሳል። ከ2002 እስከ 2009 በተደረገ ክትትል በየዓመቱ ከተመለሱት ውስጥ ከመቶ 60 እስከ 100 የሚሆኑት ሳይራቡ ሞቱ። ዝናብ በዘነበ በሰዓታት ውስጥ አፋቸውን ከፍተው፣ ሚዛናቸውን ስተው ይገለበጣሉ፤ እንስቶቹ ሆዳቸው እንቁላል እንደሞላ ነው። ተላላፊ በሽታ ተጠረጠረ፤ የተባይ መድኃኒት ተጠረጠረ፤ ብረታ ብረት ተጠረጠረ። አንዱም አልሆነም።

በታኅሣሥ 2020 በታኮማ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲና የዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከሌሎች ጋር ሆነው ገዳዩን አገኙት፤ የመኪና ጎማ ነው። ኦዞን ጎማን እንዳይሰነጥቀው 6ፒፒዲ የሚባል ኬሚካል ይጨመርበታል። ይህ ከኦዞን ጋር ሲገናኝ ወደ ሌላ መርዝ ይለወጣል፤ ዝናብም ከአስፋልቱ ላይ አጥቦ ወደ ጅረቱ ይወስደዋል። ኦዞን ጎማን እንደሚሰነጥቅ ለተማሪዎቼ በጥቁር ሰሌዳ ጽፌ አስተምሬ ነበር። የተረፈውን አላወቅኩም። ያላወቁ አለቁ ይባላል፤ እዚህ ግን ያላወቅነው እኛ፣ ያለቁት እነርሱ።

ለመሆኑ ሰው ሳያውቅ ባጠፋው ይጠየቃል? በበኩሌ ከ2020 በፊት ለነዳሁት ጥፋተኛ ነኝ አልልም። ዛሬስ? እንጀራዬ በአራት ጎማ ላይ ነው፤ ልጆቼን የማሳድገው በእርሱ ነው፤ መንዳቴን አልተውም። አንድ የሥራ ጓደኛዬ ይህን ሳጫውተው «ፋብሪካው ይጠየቅ እንጂ አንተን ምን አገባህ?» አለኝ። ግማሹ እውነት ነው፤ ጎማው በምን እንደሚሠራ የሚወስነው ፋብሪካው ነው። ነገር ግን በ2023 የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ስለዚህ ኬሚካል የተቀበለውን አቤቱታ ያቀረቡት ዩሮክ፣ ፖርት ጋምብል ስክላላምና ፑያለፕ የተባሉ ነባር ሕዝቦች ናቸው። የጮኹት ከዓሣው ጋር የኖሩት እንጂ በጎማው የምንኖረው አይደለንም።

እኔ ጥፋትንና ዕዳን እለያለሁ። ሳያውቁ የሠሩት ጥፋት ላይባል ይችላል፤ ካወቁ በኋላ ግን ዕዳ ይሆናል። ዕዳ ደግሞ አንድ ቀን ባይዘጋም በየአቅም ይከፈላል። የመንገዱ ውሃ በአሸዋና በብስባሽ አፈር ተጣርቶ ሲያልፍ ኮሆ እንደማይሞት በሙከራ ታይቷል። ታዲያ ከተማው እንዲህ ያለ ማጣሪያ ልሥራ ብሎ ሕዝብ ሲሰበስብ፣ ባለ ታክሲ የሆንን ሁሉ ተገኝተን ብንደግፍ ምን ይጎድልብናል? የጎማን ንፋስ በልኩ መጠበቅ፣ ፍሬንም በድንገት አለመርገጥ ጎማው ቶሎ እንዳያልቅ ይረዳል፤ ለኪሳችንም ይበጃል።

ያን ልጅ «ያንተ ጥፋት አይደለም» ያልኩት ምንም ሳላውቅ ነበር። ለራሴም ለብዙ ዓመት እንዲሁ ሳላውቅ ስለው ኖሬአለሁ። ዛሬ ባገኘው «አይዞህ፣ መጀመሪያ ይመርመር» እለዋለሁ።

ቸር ይግጠመን።