ስለ ሁለት ትምህርት ቤቶች

ሰው ሁለት ነገሮችን ጎን ለጎን ባየ ጊዜ አንዱን ሳያከብር፣ ሌላውን ሳይንቅ ማለፍ ይቸግረዋል። ማወዳደር በራሱ ክፉ አይደለም፤ ሳያወዳድር መምረጥ የሚችል የለምና። ነገር ግን ማወዳደር ወደ ፍርድ በተለወጠ ጊዜ ሚዛኑ ራሱ ሊመረመር ይገባዋል።

በአንድ ወረዳ ውስጥ ሁለት የመንግሥት መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አሉ እንበል። አንደኛው በከተማ፣ በመኪና መንገድ ዳር ነው፤ ሁለተኛው ከወንዝ ማዶ፣ በገጠር ነው። መጽሐፋቸው አንድ፣ ፈተናቸውም አንድ ነው። የ8ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ጊዜ የከተማው ተማሪዎች አማካይ ውጤት 70፣ የማዶዎቹ 55 ሆነ። ወዲያውም «ያኛው ጎበዝ፣ ይኸኛው ሰነፍ» ተባለ። አቅም ያለው አባትም ልጁን ከማዶ አንሥቶ ከተማ ካለ ዘመድ ዘንድ አስቀመጠው። ይህ ፍርድ እውነት ነውን?

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አንደኛ ደረጃን እስከ 8ኛ ክፍል አድርጎት ነበር። በኋላ በተሻሻለው ሥርዓት ግን አንደኛ ደረጃ በ6ኛ ክፍል ያበቃል፤ መካከለኛ ደረጃም 7ኛና 8ኛ ክፍል ብቻ ነው። እንግዲህ መካከለኛው ትምህርት ቤት ልጁን የሚይዘው ሁለት ዓመት ሲሆን፣ አስቀድሞ ስድስት ዓመት ሌሎች አስተምረውታል። ማር የሚሸጥ ነጋዴ ማሩን ከመጨመሩ በፊት ባዶውን ማሰሮ ይመዝናል። በ6ኛ ክፍልም ፈተና አለና ይህን ማድረግ አይቸግርም። በዚያ ጊዜ የሁለቱ ልዩነት 30 ነጥብ ከነበረና በ8ኛ ክፍል ወደ 15 ከወረደ፣ በሁለቱ ዓመታት ይበልጥ የሠራው ማን ነው? እርግጥ ነው፣ በመካከሉ ትምህርት ያቋረጡትንም መቁጠር ያስፈልጋል፤ ደካሞቹ ሲወጡ የቀሩት ያለ ድካም የተሻሻሉ ይመስላሉና።

ይህን ማለቴ ድኻውን ትምህርት ቤት ከወቀሳ ነጻ ለማውጣት አይደለም። ወንዙ በክረምት ሲሞላ ተማሪው ቢቀር፣ ልጅቱም ውሃ ቀድታ እስክትመጣ ቢረፍድባት ጥፋቱ የመምህሩ አይደለም። ደወል ከተደወለ በኋላ ወደ ክፍል የማይገባ፣ የተማሪውንም ደብተር የማያርም መምህር ግን በወንዙ ሊያመካኝ አይችልም። ፍርድ የሚገባው ሰው በእጁ ባለው ነገር ነው። ድልድዩና የመጻሕፍቱ ቤት ደግሞ በወረዳው ሹማምንት እጅ ናቸው፤ ስለ እነርሱ የሚጠየቁትም እነርሱ ናቸው።

ልጁን ወደ ከተማ የወሰደውን አባት አልወቅሰውም፤ አባት ለልጁ ማሰቡ ተገቢ ነው። ነገር ግን ስለ ድልድዩ ደፍሮ የሚናገረው ብዙውን ጊዜ እርሱ ነበረ። ልጁ ከሄደ በኋላ ዝም ካለ፣ የማዶዎቹ ልጆች ጓደኛቸውን ብቻ ሳይሆን ጠበቃቸውንም አጡ።

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ የሁለቱ ትምህርት ቤቶች ልጆች በ9ኛ ክፍል በአንድ ወንበር ላይ ይገናኛሉ። አንተ ከከተማው የመጣህ እንደ ሆነ፣ አጠገብህ የተቀመጠውን በውጤቱ ከመመዘንህ በፊት የመጣበትን መንገድ ጠይቀው። ከማዶ የመጣህ እንደ ሆነም ያላወቅኸውን ለመጠየቅ አትፈር። ያን ጊዜ ማወዳደራችሁ መናናቅን ትቶ ለመረዳዳት ይውላል።