ባይሞቱ ኖሮ

ልቅሶ ቤት የተቀመጠ ሰው ሳይሰማ የማይወጣው አንድ ቃል አለ። «ያን ቀን ባይሄድ ኖሮ!» «ቀደም ብለን ብናሳክማት ኖሮ ትድን ነበር።» አጽናኞች «ቀኑ ደርሶ ነው» ይላሉ፤ ሐዘንተኛውም አንገቱን ይነቀንቃል። ልቡ ግን ሌላ መንገድ ላይ ነው። በዚያ መንገድ ልጁ ከቤት አልወጣም፣ እናትየዋ በጊዜ ታክማለች፣ ዛሬ ለልቅሶ የተነጠፈው ምንጣፍ እንደተጠቀለለ ጥግ ቆሟል።

«ኖሮ» የሚለው ቃል ሁልጊዜ ያስገርመኛል። የመጣው «ኖረ» ከሚለው ግስ ነው። ያልሆነውን ነገር፣ ሊሆን ሲችል የቀረውን ነገር ለመናገር ስንፈልግ የምንዋሰው የመኖርን ቃል ነው። ቋንቋችን ያልተፈጸመውን ነገር ፈጽሞ እንደሌለ አድርጎ አይጥለውም። የሆነ ቦታ እንደኖረ አድርጎ ይጠራዋል።

ይህን ሐሳብ በሥዕል ታሪክ መልክ እስከ ጥግ ድረስ የሄደበት አንድ ኮሚክ አለ። አሳታሚው ማርቭል እ.ኤ.አ. በ2001 ያስጀመረው ሲሆን ስሙ «ኤግዛይልስ» ይባላል። ጸሐፊው ጀድ ዊኒክ፣ ሠዓሊው ማይክ ማኮን ነበሩ። ርዕሱን «ስደተኞች» ብለን ብንተረጉመው ይቀልል ይሆናል፤ ትክክለኛው ቃል ግን «ግዞተኞች» ነው። ስደተኛ ክፉም ቢገፋው በገዛ እግሩ ይወጣል። ግዞተኛን ግን ሌላ ሰው ያወጣዋል፣ ሌላ ሰው የሚውልበትን ይወስንለታል። በዚህ ታሪክ ስድስት ልዕለ ኃያላን ከስድስት የተለያዩ ዓለማት በድንገት ተነቅለው አንድ በረሃ ላይ ይገናኛሉ። እዚያ የሚጠብቃቸው ሰው ራሱን ታይምብሮከር ብሎ ይጠራል፤ በእኛ አፍ የዘመን ደላላ ማለት ነው። የዓለማት ሰንሰለት መበላሸቱን፣ የእነርሱም ሕይወት አብሮ መናጋቱን ይነግራቸዋል። ወደ ቤታቸው የሚመለሱት ከዓለም ወደ ዓለም እየዞሩ የተሰበረውን ከጠገኑ ብቻ ነው። ትእዛዙን የምታስተላልፈው ታሉስ የምትባል የእጅ አምባር ናት።

እኔን የሚማርከኝ ጀብዱው ሳይሆን የተመረጡት ሰዎች ማንነት ነው። ብሊንክ የምትባለው ክላሪስ ፈርጉሰን በማርቭል ዋና ታሪክ ውስጥ ገና ብቅ ከማለቷ በ1994 የሞተች ወጣት ናት። ተንደርበርድ የሚባለው ጆን ፕራውድስታር የኤክስ-ሜንን ቡድን በተቀላቀለ በጥቂት ወራት ውስጥ በ1975 ሞቷል። ሞርፍ በዋናው ታሪክ ቼንጅሊንግ በሚባል ስም የታወቀው ሰው አምሳያ ነው፤ ያም በ1968 ሞቷል። ሚሚክ የሚባለው ካልቪን ራንኪን በ1973 የሞተ መስሎ ከመድረኩ ተሰናብቶ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ቡድኑን የተቀላቀለችው ሰንፋየር፣ ማለትም ማሪኮ ያሺዳ፣ በዋናው ታሪክ በ1992 ሞታለች። የቀሩት ሁለቱ ደግሞ በዚያ ታሪክ ጭራሽ አልተወለዱም። ኖክተርን የናይትክሮለርና የስካርሌት ዊች ልጅ፣ ማግነስ የማግኒቶና የሮግ ልጅ ናቸው። ሁለቱም ዋናው ታሪክ ከማያውቀው ጋብቻ የተገኙ ናቸው፤ እርሱ ወላጆቻቸውን አላጋባቸውምና።

እንግዲህ ዓለማትን የሚጠብቀው ቡድን የሙታንና ያልተወለዱ ሰዎች ቡድን ነው። እያንዳንዱ አባል በእግሩ የሚሄድ «ኖሮ» ነው፦ ባትሞት ኖሮ፣ ቢያድግ ኖሮ፣ ተጋብተው ቢወልዱ ኖሮ። ዋናው ታሪክ እንደ ትርፍ ቆጥሮ የጣላቸው ሰዎች ዓለማትን ሁሉ እንዲሸከሙ ተጠሩ። ከዚህ ላይ ነው የፍልስፍናው ጥያቄ የሚነሣው። ዓለማት ብዙ ከሆኑ፣ በእያንዳንዱም ውስጥ ሌላ እኔ፣ ሌላ አንተ፣ ሌላ እርሷ ካለች፣ የአንዱ ሕይወት ዋጋ ምንድን ነው? በአንዱ ዓለም የሞተው በሌላው በሕይወት ካለ፣ ሞቱ ምን ያህል ሞት ነው?

ጥያቄው የኮሚክ ብቻ አይደለም። ጀርመናዊው ላይብኒትዝ በ1710 ባሳተመው መጽሐፉ እግዚአብሔር ሊፈጠሩ ከሚችሉ ዓለማት መካከል የተሻለውን መርጦ ይህን ፈጠረ ሲል ተከራከረ። ለእርሱ ሌሎቹ ዓለማት በፈጣሪ አእምሮ ውስጥ የቀሩ አማራጮች ናቸው። አሜሪካዊው ፈላስፋ ዴቪድ ልዊስ ግን በ1986 ባወጣው መጽሐፉ ከዚህ እጅግ ርቆ ሄደ። ሊኖር የሚችል ዓለም ሁሉ በእርግጥ አለ፤ ልክ እንደ እኛው ዓለም ተጨባጭ ነው፤ «እውነተኛው ዓለም» ማለትም «እዚህ» እንደማለት ተናጋሪው ያለበትን የሚያመለክት ቃል ብቻ ነው አለ። የሰሙት አብዛኞቹ ፈላስፎች ዓይናቸውን አፍጥጠው ከማየት ሌላ መልስ አላገኙም ነበር።

በዚህ ሐሳብ ላይ ከተነሡት ተቃውሞዎች ሁሉ የሚከብደው የፈላስፋው የሮበርት አዳምስ ነው። ዓለማት ሁሉ በእርግጥ ካሉ፣ እኔ እዚህ አንድ ክፋት ብከለክል በሌላ ዓለም የሚኖር አምሳያዬ ይፈጽመዋል። የክፋቱ ጠቅላላ ድምር አይቀንስም። ታዲያ ለምን እደክማለሁ? ልዊስ የመለሰው በአጭሩ ይህ ነው፦ ደግ ሰው የሚጨነቀው ለድምሩ አይደለም። የሚጨነቀው ከፊቱ ለሚሰቃየው ሰው፣ በገዛ እጁ ለሚያደርገው ነገር ነው።

ይህ መልስ በመጽሐፍ ሲነበብ ቀዝቀዝ ያለ ነው። በኤግዛይልስ ታሪክ ውስጥ ግን ሥጋ ይለብሳል። በመጀመሪያው ተልእኳቸው ማግነስ ይሞታል። የነካው ሰው ሁሉ ወደ ብረትነት ስለሚለወጥ ዕድሜውን ሙሉ ማንንም በእጁ ሳይዳስስ የኖረ ወጣት ነው። የኑክሌር ፍንዳታን በኃይሉ አፍኖ ሲያስቀር የሞተው በማያውቀው ዓለም፣ ስሙን ለማያውቁ ሰዎች ነው። «ይህ የእኔ ዓለም አይደለም፤ ይህ ቢጠፋ ሌላ ብዙ አለ» ሊል ይችል ነበር፤ አላለም። ከፊቱ ያለው ሕዝብ ምትክ እንደሌለው ያወቀው የራሱን አገር ከማጣቱ የተነሣ ይመስለኛል። ከቤቱ የተነቀለ ሰው ማንም ቤት ትርፍ እንዳልሆነ ያውቃል።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ቀላል ነው፤ ማዳን ማንንም አያጣላም። የሚከብደው የዘመን ደላላው ግደሉ ሲል ነው። ከመጀመሪያዎቹ ተልእኮዎች በአንዱ የፊኒክስን፣ ማለትም የጂን ግሬይን ሞት እንዲያረጋግጡ ይታዘዛሉ። የዚህች ሴት ሞት በማርቭል ቤት የቆየ ቁስል ነው። በ1980 የወጣው የዋናው ታሪክ መጨረሻ መጀመሪያ የታሰበው በሌላ መልክ ነበር፤ ኃይሏን አጥታ በሕይወት ልትኖር ነበር። ዋና አርታኢው ጂም ሹተር በቢሊዮን የሚቆጠሩ ነፍሳት ያሉበትን ዓለም ያጠፋች ሴት ያለ ቅጣት መታለፍ የለባትም ብሎ ስለተከራከረ መጨረሻው ተለወጠ፤ የቀረው መጨረሻም ከአራት ዓመት በኋላ ለብቻው ታተመ። እርሷ ራሷ በገጽ ላይ ሁለት ዕጣ አላት፤ አንዱ ተነገረ፣ አንዱ «ኖሮ» ሆኖ ቀረ።

ከዚያም የባሰ ይመጣል። ብሊንክና ጓደኞቿ ዌፐን ኤክስ ከሚባል ሌላ ቡድን ጋር ይገናኛሉ። እነዚህም በዚያው ደላላ የሚታዘዙ ናቸው፤ ግን ጨካኝ ሥራ ሲኖር የሚላኩት እነርሱ ናቸው። ሊገደል የተፈረደበት ዴቪድ ሪቻርድስ የሚባል ልጅ ነው። ልጁ እስካሁን ምንም አልበደለም። ጥፋቱ ወደፊት ነው፤ ካደገ ብዙ ሰው የሚፈጅ ይሆናል ተብሏል። ሒሳቡ የተጣራ ይመስላል፤ አንድ ልጅ በአንድ በኩል፣ የሕዝብ እልቂት በሌላ በኩል።

ይህን ሒሳብ በቁጥር ብቻ ለመርታት የሚሞክር ሰው ይሸነፋል። አንድ ነፍስ ከሺህ ነፍስ ይበልጣል የሚል የለም። እኔም አልልም። ስሕተቱ ያለው ከመደመሩ በፊት፣ የሚደመረው ነገር ሲመረጥ ነው። ደላላው በአንድ መንገድ ላይ ያለን ልጅ አይቶ «ልጁ ይህ ነው» አለ። መንገዱን ከሰውዬው ጋር አንድ አደረገ። ይህን የሚናገረው ለማን ነው? ብሊንክ ፊት ቆሞ! በአንዱ ታሪክ ገና በልጅነቷ የሞተች፣ በሌላው አድጋ ጓደኞቿን የምትመራ ሴት ፊት። አንድ ሰው በአንድ ዕጣ እንደማያልቅ ከዚህ ቡድን የበለጠ ማስረጃ የት ይገኛል? የዓለማት ብዛት የልጁን መገደል ለማጽደቅ ይጠቀሳል፤ ዳሩ ግን ፍርዱን የሚሽረው ያው የዓለማት ብዛት ነው።

ይህን የተረዳው ሴበርቱዝ ነው። የኤክስ-ሜንን ታሪክ የሚያውቅ አንባቢ ስሙን ሲሰማ ይሰቀጥጠዋል፤ በዋናው ታሪክ ሴበርቱዝ፣ ማለትም ቪክተር ክሪድ፣ በደም የሚደሰት ነፍሰ ገዳይ ነው። በ1995 በወጣው «ኤጅ ኦቭ አፖካሊፕስ» በተባለው ታሪክ ውስጥ ግን ያው ሰው ትንሿን ብሊንክን እንደ ገዛ ልጁ ያሳደገ አባት ነው። ከዚያ ዓለም ተወስዶ ለዌፐን ኤክስ የተሰጠው ይህ ሴበርቱዝ ልጁን መግደል እምቢ አለ። እምቢ ብሎም ዝም ብሎ አልሄደም። በዚያ ዓለም ቀርቶ ዴቪድን ራሱ ሊያሳድገው ወሰነ። ያሳደጋትን ልጁን ተሰናብቶ፣ ወደ አገሩ የመመለስ ተስፋውን ጥሎ፣ ከማያውቀው ልጅ ጋር ቀረ።

ይህን ገጽ ሳስብ ልቤ ይነካል። በሌላ ዓለም ነፍሰ ገዳይ የሆነ ሰው ነፍሰ ገዳይ ይሆናል ለተባለ ልጅ ዋስ ሆነ። እኛ አገር ዋስ የሚሆን ሰው ቃል ብቻ አይሰጥም፤ ተያዡ ቢጠፋ ራሱ ሊያዝ ይፈርማል። ሴበርቱዝ የፈረመው በቀሪ ዕድሜው ነው። ትንቢቱ ውሸት ነው ብሎ አልተከራከረም። ምናልባት እውነት ሊሆን እንደሚችል ያውቃል። ነገር ግን ትንቢት የሚነግርህ ማንም ጣልቃ ባይገባ ምን እንደሚሆን ነው፤ ማሳደግ ደግሞ ጣልቃ መግባት ነው። በክፉ ዕጣና በልጁ መካከል ባዶ የነበረው ቦታ አንድ አባት የሚቆምበት ነበር። ሒሳቡ ያልቆጠረው ይህን ቦታ ነው።

ታሪኩ እየገፋ ሲሄድ ሌላ ምሥጢር ይገለጣል። የዘመን ደላላው ሰው አይደለም፤ የተሠራ ምስል ነው። ከጀርባው ታይምብሬከርስ የሚባሉ ተባይ የሚመስሉ ፍጡራን አሉ፤ ከጊዜ ውጭ የቆመ የክሪስታል ቤተ መንግሥት አግኝተው ዓለማትን ሁሉ ከዚያ ያያሉ። የዓለማት መሰበር ምክንያቱም የእነርሱ የራሳቸው መነካካት ነበር። ከላይ ሆኖ ሁሉን አያለሁ ያለው ፈራጅ ስንጥቁን የፈጠረው ራሱ ሆኖ ተገኘ።

ከዚህ የማገኘው ትምህርት ለዚህች አንዲት ዓለማችንም ይበቃል። ማንም ሰው በሌላው ሕይወት ላይ «ከላይ ስናየው ይህ ትርፍ ነው» ሲል፣ የቆመበትን ቦታ መጠየቅ ይገባል። ከላይ የሚባል ቦታ ለሰው አልተሰጠም። ሁላችንም ከአንድ መንገድ ላይ ሆነን ነው የምናየው። አንድን ሕፃን «የሌባ ልጅ ነው»፣ አንድን ሰፈር «ከዚያ ሰው አይወጣም»፣ አንድን ታራሚ «ተፈጥሮው ነው» ስንል የዘመን ደላላው ሥራ በእጃችን ይፈጸማል። አንዱን መንገድ አይተን በሰውዬው ላይ ፈረድን።

ሌሎች ዓለማት በእርግጥ ይኑሩ አይኑሩ ዛሬ ማረጋገጥ የሚችል የለም። ቢኖሩም የሐዘንተኛዋን ልጅ አይመልሱላትም። በሌላ ዓለም የሚኖር አምሳያው የሌላ እናት ልጅ ነው፤ እርሷ ያጠባችው፣ ስሙን ያወጣችለት፣ የምታለቅስለት ይህ ነው። አምሳያ ምትክ አይሆንም፤ ማግነስ ለማያውቀው ዓለም የሞተውም ለዚህ ነው። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ይባላል፤ እውነት ነው። «ኖሮ»ን ወደ ኋላ ብቻ ስንጠቀምበት የጸጸት ቃል ከመሆን አያልፍም።

ወደ ፊት ግን ሊዞር ይችላል። ዛሬ ከፊታችን ያለ ልጅ፣ የተጣላን ወንድም፣ ደጃፋችን ላይ የቆመ መጻተኛ ገና ያልተዘጋ መንገድ አለው። ነገ ልቅሶ ቤት ተቀምጠን «አብረነው ብንቆም ኖሮ» ከምንል፣ ዛሬ አብረነው እንቁም። አንባቢዬ ሆይ፣ በአንተ ዙሪያ አንድ ሰው «መጨረሻው ይታወቃል» ተብሎ የተተወ እንዳለ አስብ። ሂድና ዋስ ሁንለት።