የሰው ልጅ ልታውይ ለተነሣሽ

ልጄ፣ ግቢ ተከራይተሽ በክረምቱ የሰፈሩን ልጆች ልታውይ፣ ከመስከረም ወዲህ ደግሞ ከትምህርት ቤት መልስ ልትቀበያቸው መነሣትሽን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ያዘጋጀሽውንም ፕሮግራም አየሁት። እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ኮምፒዩተር፣ ሥዕል፣ ቴኳንዶ፣ ኳስ፤ ቀኑ በየሠላሳ ደቂቃው ተሸንሽኗል። በር ላይ ማን እንደሚቆም ግን የትም አልተጻፈም። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ነውና ምክሬን ከበሩ ልጀምር።

ወላጅ የሚከፍልሽ ለእንግሊዝኛው እንዳይመስልሽ። ትምህርት ቤት 9፡30 አካባቢ ይለቃል፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚዘጋው 11፡30 ነው፤ በዚያ ላይ የታክሲ ሰልፍ አለ። እናትየዋ ካንቺ የምትፈልገው በመካከል ያሉትን ሰዓታት ነው፤ «ልጄ አሁን የት ይሆን?» እያለች ሳትሳቀቅ ሥራዋን እንድትሠራ። ክረምት ሲገባማ ቀኑ ሙሉ እንደዚያ ነው። ስለዚህ ልጁ ሲገባ ሰዓቱ ይጻፍ፣ ሲወጣም ማን እንደወሰደው ይጻፍ። ወላጅ በምዝገባው ቀን ልጁን ሊወስዱ የሚችሉትን ሰዎች ስምና ስልክ ያስመዝግብ። መዝገቡ ላይ የሌለ አጎት ቢመጣ፣ ልጁ ሮጦ ቢጠመጠምበት እንኳ፣ እናቱ ጋ ሳይደወል አይሄድም። አጎትየው ይቀየማል። ይቀየም! «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ያሉት አባቶች ክፉ ስለነበሩ አይደለም። በእኛ ሰፈር የስምንት ዓመት ልጅ ታናሽ ወንድሙን እጁን ይዞ ይወስዳል፤ ይህን ልማድ አንቺ አታስቀሪውም፤ ቢሆንም ወላጅ ፈቅጃለሁ ብሎ ይፈርምበት።

ስለምትቀጥሪያቸው ሰዎች ደግሞ ጠበቅ አድርጌ ልንገርሽ። ክረምት ላይ ከዩኒቨርሲቲ የተመለሱ ወጣቶች ሞልተዋል፤ ጉልበት አላቸው፣ ልጆችም ይወዷቸዋል፣ ክፍያቸውም አይከብድም። ቅጠሪያቸው፤ ነገር ግን ዋስ ይጥሩ፣ ከዚህ በፊት የሠሩበት ቦታም ካለ ሄደሽ ጠይቂ። ማንም ትልቅ ሰው ከአንድ ልጅ ጋር በተዘጋ ክፍል ለብቻው አይቀመጥ። ይህ ሕግ ለዘበኛውም ለአስተማሪውም ለወንድምሽም ለራስሽም ነው። ይሉኝታ ይዞሽ «እሱማ የእኛው ልጅ ነው» ያልሽ ቀን ሕጉ ፈረሰ ማለት ነው፤ ልጅን የሚጎዳው ብዙ ጊዜ ባዕድ አይደለም፣ ቤተሰቡ የሚያውቀው ሰው ነው። ልጅ አንድ ሰው ስለሠራው ነገር ሲነግርሽም «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ብለሽ እንዳትንቂው። ያ ተረት ለሊጥ ነው የተተረተው፤ በዚህ ጉዳይ ልጅ ያለውን ሰምተሽ ዛሬውኑ ትመረምሪያለሽ።

አርጩሜ ግቢሽ ውስጥ አይግባ። በእኛ ዘመን ልጁን ለመምህር ሲሰጥ «ዓይኑን ብቻ ይተዉልኝ» የሚል ወላጅ ነበር፤ ዛሬም የዚያ ዘር አልጠፋም፣ አንቺንም «ቆንጠጥ አድርጊልኝ» ይልሻል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣት ነጻ እንዲሆኑ ደንግጓልና ሕጉን ጥቀሺለት። ሕጉ ባይኖርስ? ልጁ ነገ እየፈራሽ ከመጣ እኮ የሆነበትን አይነግርሽም። ከላይ ያልኩሽ ጥንቃቄ ሁሉ የሚቆመው ልጁ ሲናገር ነው።

ወደዚያ ሠላሳ ደቂቃ ልመለስ። ዓሥር ወር ዴስክ ላይ የተቀመጠን ልጅ ክረምትም ዴስክ ላይ ልታስቀምጪው ነው? የሚመጣውን ክፍል መጽሐፍ ሐምሌ ላይ አስጀምሪልኝ የሚል ወላጅ ይመጣል፤ መስከረም ላይ ልጁ የሰማውን ነገር እንደገና እየሰማ ሲያዛጋ ጥፋቱ የመምህሩ ይሆናል። ጠዋት አንድ ሰዓት ማንበብ፣ አንድ ሰዓት ወደኋላ የቀረበትን ትምህርት ማጥናት ይበቃል። በተረፈው ገበጣ ይጫወት፤ ጠጠር ሲያዘዋውር የመቁጠር ሥራ እየሠራ መሆኑን ልጁ አያውቀውም፣ ባያውቀውም አይጎዳም። ሰኞ ማክሰኞ በኖራ ይሰመር። ደብረ ታቦር ነሐሴ 13 ነው፤ ወንዶቹ ሆያ ሆዬ፣ ሴቶቹ ለእንቁጣጣሽ አበባየሆሽ ይለማመዱ፤ አውጪና ተቀባዩን ራሳቸው ይምረጡ፣ ተጣልተው ራሳቸው ይታረቁ። አንቺ ገላጋይ ሁኚ እንጂ ዳኛ አትሁኚ። ልብስ ይቆሽሻል፣ ጉልበት ይላጣል፣ «ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ» ነውና ለወላጆቹ ከወዲሁ ንገሪያቸው። ቴሌቪዥኑን ግን ከግቢው አውጪው፤ እሱማ ቤታቸውም አለ።

የአዲስ አበባ ክረምት ብዙ ጊዜ ጠዋት ፋታ ይሰጥና ከቀትር በኋላ ያወርደዋል። ሩጫውን ለጠዋት፣ ሥዕሉንና ተረቱን ለከሰዓት አድርጊው። አንቺ ግን ኳሱን 9 ሰዓት ላይ ነው የጻፍሽው! እያንዳንዱ ልጅ ቅያሪ ልብስ በፌስታል ያስቀምጥ። ጎርፍ የሚሄድበትን ቦይ፣ ክዳን የሌለውን ጉድጓድ፣ ከግድግዳ የወጣውን የኤሌክትሪክ ሽቦ ሰኔ ሳያልቅ አስጠግኚ። የሰው አደራ ለያዘ «አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም» የሚለው ከልቡ የሚነገር ነው። ክረምት የታይፎይድና የተቅማጥ ወቅት ስለሆነ ውሃው ፈልቶ ይቅረብ፤ እጅ መታጠቢያው ላይ ሳሙና አይጥፋ።

ምግብን በተመለከተ፣ ልጁ በክረምቱ ምሳውን የት እንደሚበላ በምዝገባው ቀን ጠይቂ። በትምህርት ወራት በመንግሥት ትምህርት ቤት የሚመገብ ልጅ ብዙ ነው፣ ምሳ ዕቃ ሳይዝ የሚመጣውም ከእነዚህ ውስጥ ይገኛል። ቆሎ፣ ዳቦ፣ ሙዝ፣ ንፍሮ አዘጋጂ፤ የጾም ስለሆነ ፍልሰታን የሚጾመውም የማይጾመውም፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ይበላዋል። ለውዝ የማይስማማው ልጅ እንዳለ ሳትጠይቂ ግን ለውዝ ያለበት ቆሎ አታቅርቢ።

ገንዘቡን በወሩ መጀመሪያ ተቀበይ፤ ዱቤ ያበዛሽ እንደሆነ ለሠራተኛ የምትከፍዪው ታጫለሽ። መክፈል ለማይችሉ ጥቂት ልጆች ቦታ ያዢ፣ ወጪውን ለከፋዮቹ ብታከፋፍዪው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ነው። በነጻ የሚገባው የትኛው ልጅ እንደሆነ ከአንቺ በቀር ማንም አይወቅ።

የክረምቱን ነሐሴ መጨረሻ ላይ ዝጊ፤ ጳጉሜን ደብተርና ዩኒፎርም የሚገዛበት፣ ቤት የሚጸዳበት ነው፣ ልጅም ሠራተኛም አይሰበሰብልሽም። የመስከረሙን ደግሞ በመጀመሪያው ሳምንት አትክፈቺ። የክፍል ድልድሉ፣ የመልቀቂያ ሰዓቱ ገና አይረጋም፤ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንዲሉ፣ መስቀልን አሳልፊና ጀምሪ። ምዝገባውን ግን ነሐሴ ላይ ክፈቺ፤ ክረምቱን ልጁን አንቺ ዘንድ ያዋለ ወላጅ ቅድሚያ ያግኝ።